ከገለባው ውስጥ

ሥራዬ ማዳቀል፣ መንደሬ ኮምቦልቻ፣
ድርሻዬ ከሐረጎ እስከ ቦርከና ዳርቻ።
ከሞተሬ ኋላ በጎማ ጠፍሬ
ክረምት አድላለሁ በበጋ ዞሬ።
የጋኑን ክዳን ስከፍት ነጭ ጉም ይወጣል፤
የደሴ ማለዳ እጄ ላይ ይመጣል።
ከዜሮ ወደ ታች መቶ ዘጠና ስድስት፤
አያረጁም እዚያ፣ አይነቁም የገቡት።
በቀጭን ገለባ፣ በቀለም ተለይቶ፣
የኮርማ ዘር አለ በረዶ ለብሶ ተኝቶ።

ሐጂ ይመር ደውለው "ላሚቱ ፈልጋለች" ካሉኝ
ቁርሴን አልጨርስም።
እጄን እስከ ብብቴ ፕላስቲክ አልብሼ፣
ገለባውን በለብታ ውኃ አለስልሼ…
"ሙሽራው ቃሊቲ፣ ሙሽሪት በረቴ፤
አንተ ሽማግሌው!" ይላሉ፣ እየሳቁ።
እኔም እስቃለሁ።
ላም ናት።

ትብለጽ ግን ላም አይደለችም።
ዘጠኝ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆማ
በዓመት የምታወጣው አገር ያለብሳል፤
ለእኛ ቤት ግን ለመታቀፊያ አንድ ክንድ አልተረፈም።
የእናቴን ቦታ ሸጥን። አዲስ አበባ ሄድን።
ሐኪሙ ደግ ነበር፤ ለሁሉም ነገር ቁጥር ነበረው።
"አራት ተፈጥረዋል" አለን። ያንኑ ቃል፣ "ተፈጥረዋል"።
ማን እንደፈጠረ ግን ቅጹ አይጠይቅም።
ፈረምን።
አንዷ ሉቺያ ሆነች፤
ዛሬ የፊት ጥርሷ ወልቋል፣
ከሞተሬ ካልጫንኳት አታስወጣኝም።
ሦስቱ እዚያ ቀሩ።

ሐሙስ ሐረጎን ስወርድ ኪሴ ነዘረኝ።
ኩርባው ላይ ቆምኩ፤ የጭነት መኪና ጮኸብኝ።
"የማቆያ ጊዜዎ አብቅቷል። አንዱን ይምረጡ፦
ይታደስ።
ለምርምር ይለገስ።
ይወገድ።"

የገበሬ ልጅ ነኝ፣ አውድማ አውቃለሁ፤
ነፋስ ሲመጣልኝ በመንሽ እዘራለሁ፤
ቀላሉ ይበራል፣ ከባዱ ይወድቃል፣
ፍሬና ገለባ እንዲህ ይታወቃል።
ፍሬው ገለባ ውስጥ ተዘግቶ የተኛ እንደሆነስ?
መንሹን ማን ያነሣል?

እሑድ ደሴ ወጣሁ። ጦሳ ፊቱን ሸፍኗል።
ከቅዳሴ በኋላ አባ ዮስጦስ ሰሙኝ፤
ሰምተው ዝም አሉ፤
ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ሲያነጥሩ ይሰማ ነበር።
ቁጣ ነበር የጠበቅኩት። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር።
"ልጅ ስጦታ ነው፤ ታዝዞ፣ ተሠርቶ፣
በደረሰኝ የሚረከቡት ዕቃ አይደለም" አሉ።
"ይህን ያኔ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።
አልጠየቅከኝም።
አሁን ግን አሉ። ካሉ ሰው ናቸው፤
ሰው አይወገድም፣ ሰው መሞከሪያ አይሆንም።"
"ታዲያ ምን ላድርግ፣ አባ?"
"አላውቅም።"
መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሽማግሌ መሆናቸው ያኔ ታየኝ።
"ሲቋጠር አልነበርኩም፤ የሚፈታበት ጫፍም አይታየኝም።
ጭነውም ቢሄዱ፣ ትተውም ቢሄዱ የሚያጎብጥ ነገር አለ።
ይህን ብቻ ያዝልኝ፦
ሉቺያ ኃጢአት አይደለችም።"
ሐረጎን ስመለስ መንገዱ ደበዘዘብኝ፤
ጉም ነው ብዬ ነበር።

ሰኞ ናይትሮጅን ስቀዳ አጠገቤ ቆማለች።
"አባዬ፣ እዚህ ውስጥ ማን ተኝቷል?"
"ጥጆች።"
አሰበች፤ ጣቷን ወደ ጉሙ ሰደደች፤ መለስኩት።
"አይበርዳቸውም?"

በቴሌብር ከፈልኩ። ለአንድ ዓመት።
መልስ አይደለም፤ ዓመት ነው።
ማታ ትብለጽ ከፋብሪካ ስትገባ
ከነጠላዋ ሥር ነጭ አቡጀዲ አወጣች፣
አልጋው ላይ ዘረጋች፣ በክንዷ ለካች፦
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።
እሷም መልእክቱን ማን እንዳሳያት አልነገረችኝም።